ተመልካች ላጣ ተከታታይ ፊልም የትኛው ወቅት ይሻለዋል?

ከሥራ ውላ ቤቷ የገባች እናት ቴሌቪዥን ፊት ለመቀመጥ ምን ያህል ጊዜ እንዳላት ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። እራቱ ቀርቦ ከተነሣ፣ ሳህኑ ከታጠበ፣ የልጆቹ የቤት ሥራ ከታየና ለነገ የሚለበሰው ከተተኮሰ በኋላ የምትተርፋት አንዲት ሰዓት ብቻ ናት። ያችም ብትሆን የቤቱ አባወራ ኳስ ካላየባት ነው። ስለ ሴቶች ኑሮ የሚናገር ተከታታይ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የቱንም ያህል ቢደክሙ፣ ፊልሙ የሚታይበት ወርና ሰዓት ከዚህች እናት ጊዜ ጋር ካልገጠመ ድካማቸው ሜዳ ላይ ይቀራል። ጣቢያው ደግሞ «ተመልካች አጣ» ብሎ ይሰርዘዋል። ተመልካቿ ግን አልጠፋችም፤ ወጥ ቤት ነበረች።

ለመሆኑ እንዲህ ለመሰረዝ የደረሰ ፊልም በየትኛው ወቅት ቢታይ የመዳን ዕድል ያገኛል? መልሱን ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እንፈልገው። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ ሲሆን፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን ዓመት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አጋጣሚ ሆኖ ይህ ዓመት የሚጀመረው እንደ እኛ ዘመን መለወጫ በመስከረም ነው። አዲሱ ፊልም ሁሉ በመስከረም ይወጣል፤ እስከ ግንቦት ድረስ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል ይታያል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በእኛ ዘንድ ዝናብ ሰውን ቤት የሚያውልበት ጊዜ ቢሆንም በእነሱ ዘንድ ግን ወቅቱ የሙቀት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቴሌቪዥን የሚያየውም ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ ሲ.ቢ.ኤስ.፣ ኤን.ቢ.ሲ. እና ኤ.ቢ.ሲ. የተባሉት ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች በእነዚያ ዘመናት አዲስ ሥራቸውን አስቀምጠው በዓመቱ ውስጥ የታየውን በድጋሚ ያሳዩ ነበር። አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ለማሳየት አስቀድመው ስለሚከፍሉ፣ ድግግሞሹ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። በሙያው ያሉ ሰዎች እነዚህን የዕረፍት ወራት እንደ ሙት ጊዜ ይቆጥሯቸው ነበር።

ተመልካቹን የሚቆጥረው ኒልሰን የተባለው ድርጅት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የኒልሰን መቁጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ግን ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ መከፈቱንና የትኛው ጣቢያ ላይ መሆኑን ነው። ከፊት ለፊቱ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም። ይህን ለማወቅ በሌሎች ቤቶች ደብተር ይታደልና ቤተሰቡ ያየውን እየጻፈ ይመልሳል። እንግዲህ አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት የሚቆጠረው የብዙው ሰው ፍላጎት ሳይሆን ጣቢያ የመምረጥ ሥልጣን ያለው ሰው ፍላጎት መሆኑ ነው። ይህን ነገር ልብ እንበል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1974 ባርባራ ኮርዴይና ባርባራ አቨዶን የተባሉ ሁለት ሴት ደራሲያን አንድ ድርሰት ጻፉ። ወንዶች ጓደኛሞች ሆነው በአንድነት ወንጀል የሚያሳድዱበት ፊልም እንደ አሸዋ ሲበዛ፣ ሁለት ሴቶች እንዲሁ ጓደኛሞች ሆነው የሚሠሩበት አለመኖሩ ቆጭቷቸው ነው። ካግኒና ሌሲ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሴት መርማሪ ፖሊሶች ፈጠሩ። ካግኒ ያላገባች፣ በሥራዋ ከፍ ማለት የምትሻ ናት። ሌሲ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት፤ ባሏ የሕንፃ ሠራተኛ ሲሆን ሥራ ሲጠፋ ቤት ይውላል፣ ምግብም ያበስላል። ሽጉጥ ታጥቃ ውላ ማታ የልጆቿን የቤት ሥራ የምታይ እናት ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን ብዙም አልታየችም።

ድርሰቱን የፊልም ኩባንያዎች ሳይቀበሉት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሲ.ቢ.ኤስ. ለአንድ ምሽት የሚሆን ፊልም አደረገውና ጥቅምት 1981 ታየ። በዚያች ምሽት ቴሌቪዥን ከከፈቱት ቤቶች ከመቶ 42ቱ ይህን ፊልም ተመለከቱ። ተከታታይ ሆኖ እንዲሠራ ወዲያው ታዘዘ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተከታታዩ በመጋቢት 1982፣ ማለትም ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሐሙስ ማታ ተጀመረ። ከእሱ በፊት ማግነም የተባለው የወንድ መርማሪ ፊልም ብዙ ተመልካች ይዞ ይቆያል፤ ካግኒና ሌሲ ሲጀምሩ ግን ተመልካቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል። አዘጋጁ ባርኒ ሮዘንዝዋይግ «ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የሰዓቱ ነው» የሚል አቋም ይዞ ጣቢያውን ወተወተ። ለምኖም አንዲት እሑድ ማታ ተፈቀደችለት። ተዋናዮቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ለጋዜጣና ለራዲዮ ሲናገሩ ሰነበቱና በሚያዝያ ወር አንዱ ክፍል በዚያች እሑድ ሲታይ ተመልካቹ ጎረፈ። ፊልሙ ያው ነው፤ ተዋናዮቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

ኩባንያው ግን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። ፊልሙ እንዲቀጥል ፈቅዶ ካግኒን የምትጫወተው ሜግ ፎስተር እንድትለወጥ አዘዘ። ሴቶቹ ጠንካሮች ሆኑ፣ ከወንጀለኛ ይልቅ ከሥርዓቱ ጋር ይታገላሉ የሚል አስተያየት ከኩባንያው ሰዎች ለመጽሔት ተሰጥቶ ነበር። በወንድ መርማሪዎች ፊልም ላይ ተመልካች ሲጠፋ ተዋናዩ «ጠንካራ ሆነ» ተብሎ ሲባረር ሰምተን አናውቅም። ያም ሆነ ይህ በእሷ ቦታ ሻሮን ግለስ ገባች፤ ሌሲን የምትጫወተው ታይን ዴሊ ባለችበት ቀጠለች።

በ1982 መስከረም አዲሱ ዓመት ሲጀመር ፊልሙ ሰኞ ማታ በአራት ሰዓት እንዲታይ ተመደበ። ሰዓቱ ለእናቶች መጥፎ አልነበረም፤ ልጆች ተኝተዋል። ነገር ግን የመስከረም ሰኞ በአሜሪካ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ኤ.ቢ.ሲ. የአሜሪካን ፉትቦል ያሳያል፤ ኤን.ቢ.ሲ. ደግሞ ረጃጅም ፊልሞች። ስለዚህ አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ባል ኳሱን ከያዘ ነገሩ አበቃ፤ ካልያዘም ሚስት አስቀድማ የጀመረችውን ረጅም ፊልም አቋርጣ መዞር አለባት። ጋዜጦች አመሰገኑት፤ ቁጥሩ ግን ዝቅ እንዳለ ከረመ። በግንቦት 1983 ሲ.ቢ.ኤስ. ሰረዘው።

ለወትሮው ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሮዘንዝዋይግ ግን ከተመልካቾች የተላኩለትን ደብዳቤዎች ይዞ ነበርና ለጻፉት ሁሉ መልስ ሰጠ፤ «ለእኔ አትጻፉ፣ ለጣቢያውና ለጋዜጦች ጻፉ» አላቸው። በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጎረፈ፤ አብዛኛው ከሴቶች ነው። የሴቶች ማኅበራትም አገዙ። በዚህ መሐል ሰኔ ገባና ሲ.ቢ.ኤስ. የተሰረዘውን ፊልም እንደ ልማዱ በድጋሚ ማሳየት ጀመረ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ሌላ የሚያሳየው የለም።

በድግግሞሹ የመጀመሪያ ሳምንት የተሰረዘው ፊልም በመላው አሜሪካ አንደኛ ወጣ። በዕረፍቱ ወራትም ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሰነበተ።

ምክንያቱ ድግምት አይደለም። ኳሱ እስከ መስከረም ዐርፏል። ሌሎቹ ጣቢያዎች የሚያሳዩት ሰው ሁሉ ያየውን ነው። ዝነኛ ፊልም በድጋሚ ሲመጣ ተመልካቹ «ይህንን አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ ማንም ያላየው ፊልም ግን በድጋሚ ቢመጣም ለአብዛኛው ሰው አዲስ ነው። እንግዲህ በመስከረም ድክመት የነበረው ነገር፣ ይኸውም አለመታየቱ፣ በሐምሌ ጥንካሬ ይሆናል። በተጨማሪም ስለ ደብዳቤዎቹ ጋዜጦች ሲጽፉ የከረሙ በመሆናቸው ስሙን ያልሰማ ጥቂት ነበር። ልጆችም በጠዋት ለትምህርት ቤት አይነሡምና ለእናትየዋ ማታው ትንሽ ይረዝምላታል። እዚህ ላይ የእኛን ግምት ጨምረን ከሆነ አንባቢዎች ይፈቅዱልናል፤ ማንኛዋም እናት ግን የምትመሰክረው ነው።

በመስከረም 1983 ታይን ዴሊ በተሰረዘው ፊልም የዓመቱ ምርጥ ሴት ተዋናይ ተብላ ኤሚ የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። ኩባንያው አፈረ ማለት ይቻላል። ፍርድ በግንቦት ሰጥቶ ምስክሮቹን የሰማው በሐምሌ ነውና። ተዋናዮቹ ከውላቸው ተለቅቀው ስለነበር እንደገና መዋዋል ነበረበት። ሰባት ክፍሎች ብቻ እንዲሠሩ አዘዘና ፊልሙ በመጋቢት 1984 ተመለሰ። ከዚያም እስከ ግንቦት 1988 ድረስ ዘለቀ፤ በጠቅላላው 125 ክፍሎች ተሠሩ። ከ1983 እስከ 1988 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ የምርጥ ሴት ተዋናይነቱን ሽልማት ከሁለቱ ሴቶች በቀር ሌላ የወሰደ የለም፤ ዴሊ አራት ጊዜ፣ ግለስ ሁለት ጊዜ።

ከሽልማቱ ይልቅ ግን ለዚህ ዓምድ የሚቀርበው ከ1984 በኋላ በፊልሙ ውስጥ የታየው ነገር ነው። በ1985 ሌሲ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ዘንድ መሄዱን እየፈራች ስታዘገይ ታየች። ይህን ፍርሃት የማያውቅ ቤት የትኛው ነው? በዚያው ዓመት ታይን ዴሊ በእውነተኛ ኑሮዋ ስታረግዝ ሆዷን ከጠረጴዛ ጀርባ መደበቅ ቀርቶ ሌሲም በፊልሙ አርግዛ ሥራዋን ስትሠራ ተደረገ። በ1987 ደግሞ ካግኒ የመጠጥ ሱስ እንደያዛት ቀስ በቀስ ስታምን ታየ። የግንቦቱ ፍርድ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ከነዚህ አንዱም አይሠራም ነበር።

በዚያው በመስከረም 1982 የተጀመረ ሌላ ፊልም ደግሞ አለ፤ ቺርስ ይባላል፤ በአንድ የቦስተን መጠጥ ቤት የሚሆነውን የሚያሳይ የቀልድ ሥራ ነው። እሱም በመጀመሪያው ዓመት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። ልዩነቱ ኤን.ቢ.ሲ. በግንቦት ሳይሰርዘው መቅረቱ ነው። በዕረፍቱ ወራት ተመልካቹ እያደገ ሄደ፣ በመስከረም 1983 በምርጥ የቀልድ ፊልምነት ተሸለመና እስከ 1993 ድረስ 11 ዓመት ታየ። በእርግጥ ኤን.ቢ.ሲ. በዚያን ጊዜ ከሦስቱ ኩባንያዎች የመጨረሻው ስለነበር በምትኩ የሚያሳየው የተሻለ ነገር አልነበረውም። አንዳንዴ ድህነት ትዕግሥት ያስተምራል።

ይሁንና የዕረፍት ወራት ሁሉን ያድናሉ ማለት አይደለም። ኩባንያዎቹ ያላመኑበትን ሥራ የሚጥሉባቸውም እነዚሁ ወራት ናቸው። በኋላ እጅግ ዝነኛ የሆነው ሳይንፌልድ የመጀመሪያ ናሙናው በሐምሌ 1989 ታይቶ ተረስቶ ነበር። ቀጥሎ የተፈቀደለት አራት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እሱም የታየው በግንቦትና ሰኔ 1990 ነው። ማስታወቂያና ክትትል የሌለው ፊልም በሐምሌ ቢታይ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ካግኒና ሌሲን ደብዳቤ የሚጽፉ ሴቶች ነበሯቸው።

ይኸው ነገር በአሜሪካ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ወደ እኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ እንጨምር። በዐረብ አገሮች ቴሌቪዥን ታላቁ ወቅት የረመዳን ወር ነው። ቤተሰቡ ከአፍጥር በኋላ በአንድነት ስለሚቀመጥ ጣቢያዎቹ ምርጥ ምርጡን፣ ብዙውን ጊዜ 30 ክፍል ያለውን ተከታታይ፣ ለዚያ ወር ያስቀምጣሉ። ደካማ ፊልም በዚያ መሐል ከገባ በጉልበተኞች መካከል እንደቆመ ሕፃን ነው።

በቱርክ አገር ጉሙሽ የሚባል ተከታታይ ፊልም ከ2005 እስከ 2007 ታይቶ ነበር። በገጠር ያደገች ልጅ ለኢስታንቡል ሀብታም ቤተሰብ ትዳራለች፤ በኋላም ባሏ እያገዛት የልብስ ንድፍ አውጪ ትሆናለች። በአገሩ ለብ ያለ አቀባበል ነበረው። ኤም.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ ፊልሙን ገዝቶ በሶርያ የመንደር ዐረብኛ አስተረጎመውና ኑር ብሎ በ2008 የሙቀት ወራት፣ ማለትም ከረመዳን በፊት አሳየው። በዚያ ዓመት ጾሙ የገባው መስከረም 1 ቀን ሲሆን፣ የኑር የመጨረሻ ክፍል የታየው ነሐሴ 30 ቀን ነው። ጣቢያው ባስታወቀው መሠረት ያንን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል፤ ከዚህም ውስጥ 50 ሚሊዮኑ ሴቶች ነበሩ። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቁ ሙፍቲ ተቃውሞ ቢያሰሙም ሰው ከማየት አልተገታም። በዚያን ዓመት በሪያድ፣ በዱባይና በቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የነበሩ እኅቶቻችን ይህን ስም ያስታውሱት ይሆናል። እርግጥ ወቅቱ ብቻውን አልሠራውም። ቀደም ብሎ የሜክሲኮ ፊልሞች በመጽሐፍ ዐረብኛ ይተረጎሙ ስለነበር ንግግሩ ይከብድ ነበር፤ ኑር ግን በሰፈር ቋንቋ ተናገረች። የቱርክ ፊልሞች ከ2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ሲናገሩ በየቤቱ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ዛሬ ፊልሙ በኢንተርኔት ስለሚታይ ወቅት ቀርቷል የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ላይፍታይም የተባለው በተለይ ለሴቶች የሚያሰራጨው የአሜሪካ ጣቢያ በመስከረም 2018 «ዩ» የሚል ተከታታይ ጀምሮ ተመልካች ስላጣ ተወው። ኔትፍሊክስ ከገናቸው ማግስት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ዐርፎ በተቀመጠበት ሰሞን አወጣውና በአራት ሳምንት ውስጥ 40 ሚሊዮን ቤቶች እንደሚደርስ አስታወቀ። ፊልሙ ያው ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የሱትስ ነገር ነው። ስለ ጠበቆች የሚናገረው ይህ ፊልም ዘጠኝ ተከታታይ ወቅት ታይቶ በ2019 አልቆ ነበር። በሰኔ 2023 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ደራሲያንና ተዋናዮች ሥራ በማቆማቸው አዲስ ፊልም እየጠፋ ሄደ፤ በሌላ አነጋገር ጉልበተኞቹ እንደገና ዐርፈው ነበር። በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ የሚቀድመው ጠፋ። ኒልሰን እንደቆጠረው በዚያ ዓመት አሜሪካኖች ሱትስን ሲያዩ ያሳለፉት ጊዜ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ ሆነ። ከእነዚህ ደቂቃዎች ስንቶቹ ሳህን ከታጠበ በኋላ፣ ግማሽ ክፍል ዛሬ፣ ግማሽ ክፍል ነገ እየተባሉ የታዩ እንደሆኑ የቆጠረ የለም።

ኤን.ቢ.ሲ. ይህን ቁጥር አይቶ ሱትስ ኤል.ኤ. የሚል አዲስ ፊልም አሠራ። ያወጣው ግን በየካቲት 2025፣ እሑድ ማታ፣ ሌሎቹ ሁሉ አዲስ ሥራቸውን በሚያሳዩበት ጊዜ ነው። የዕረፍቱ ወራት ሳይደርሱ፣ በግንቦት፣ ሰረዘው።